ከኢባዳን መድረክ እስከ ቦዲጃ ገበያ

ከሌጎስ ኢባዳን የሚያደርሰው የባቡር ሐዲድ 157 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። ለመንገደኛ የተከፈተው በ2021 ነው፤ በዚህ ማስታወሻ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መስመሩን የዘረጋው የቻይና ኩባንያ የእኛን የጅቡቲ መስመር ከሚኤሶ እስከ ደወሌ የሠራው ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ ለሄደ ሰው ሐዲዱ ብዙም ባዕድ አይሆንበትም። ያልጠበቅሁት ነገር የገጠመኝ አቤኦኩታ ስንደርስ ነው። በዚህ መስመር ካሉት ጣቢያዎች የሚበዙት በአገረ ገዥዎችና በፖለቲካ ሰዎች ስም ተሰይመዋል። የአቤኦኩታው ግን የፕሮፌሰር ወሌ ሾይንካ ጣቢያ ይባላል። ከተማዋ የተወለደባት ናት። ሻንጣ ያንጠለጠለው፣ ልጅ ያዘለችው፣ ሁሉም የጸሐፌ ተውኔት ስም በተጻፈበት በር ይገባል፣ ይወጣል። ባቡሩ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ዓይኔን ከጽሑፉ አልነቀልኩም።

ወደ ኢባዳን የወሰደኝ ግን ሾይንካን ያሳደገው ቤት ነው። ስድስት ኪሎ ቴአትር ስንማር፣ የአፍሪካ ቴአትር ታሪክ በተነሣ ቁጥር የኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ስም አብሮ ይነሣ ነበር። ሾይንካ፣ ጄ. ፒ. ክላርክ፣ ፌሚ ኦሾፊሳን፣ ኮላ ኦጉንሞላ፣ ሁሉም በአንድ ወይም በሌላ መንገድ በዚያ ግቢ አልፈዋል። አንድ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ይህን ያህል ሰው እንዴት አፈራ የሚለው ጥያቄ ከተመረቅሁ በኋላም አልለቀቀኝም።

ባቡሩ የሚቆመው ሞኒያ በሚባለው የከተማው ዳርቻ ነው። ከዚያ ማይክራ ያዝኩ። የኢባዳን ታክሲዎች ትንንሽ ኒሳን ማይክራ መኪኖች በመሆናቸው ሰዉ የሚጠራቸው በዚሁ ስም ነው። ከተማዋ በኮረብቶች ላይ የተዘረጋች ስትሆን፣ ከፍ ካለ ቦታ ሲያዩዋት ጣሪያዎቿ ዝናብና ዕድሜ ያዛጋቸው ቡናማ ቆርቆሮዎች ናቸው። ምሳዬን አማላ በላሁ፤ ከደረቀ የያም ዱቄት የሚገነፋ ጠቆር ያለ ገንፎ ነው፣ ከላዩ የቅጠልና የአደንጓሬ ወጥ ይፈስበታል፣ በእጅ ይበላል። ከምግብ ቤቱ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ሩቅ አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲው በ1948 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ ተመሠረተ፤ ራሱን የቻለው በ1962 ነው። ግቢውን የነደፉት ማክስዌል ፍራይና ጄን ድሩ የተባሉ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት አርክቴክቶች ናቸው። ሙቀቱን በማሽን ከመዋጋት ይልቅ ነፋሱን መጋበዝ መርጠዋል፦ ረጃጅም በረንዳዎች፣ ጥልፍ የመሰሉ ቀዳዳ ያላቸው የኮንክሪት ግድግዳዎች፣ አየር ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍባቸው ክፍሎች። በዚህ ግቢ ስሄድ አንድ ነገር ገረመኝ። ከውጭ የሚነገረው ወደ ውስጥ ይሰማል፤ ውስጥ የሚነገረውም ከውጭ።

ቴአትር ቤቱ ራሱ ዝናውን የሚያህል ሕንፃ አይደለም። በ1955 ሲከፈት ስሙ አርትስ ቴአትር ነበር፤ ዛሬ በሾይንካ ስም ይጠራል። መድረክ፣ መጋረጃ፣ ወደ መድረኩ የሚያዩ የመቀመጫ ረድፎች፤ በቃ ይኸው ነው። በየካቲት 1959 ግን በዚህ መድረክ ላይ የአንድ ወጣት ሁለት ተውኔቶች ታዩ። አንዱ በረግረግ ዳር ስለሚኖሩ ቤተሰቦች፣ ሌላው አንዲትን የገጠር ቆንጆ ለማግባት ስለሚፎካከሩ አንድ አስተማሪና አንድ ሽማግሌ ባላባት ነው። ደራሲው በዚህ ግቢ ሁለት ዓመት ተምሮ በ1954 ወደ ሊድስ የሄደው ወሌ ሾይንካ ነበር። ተውኔቶቹ ሲታዩ እሱ እንግሊዝ አገር ነው። አገሩ ሲመለስ ሥራውን ያየ ተመልካች፣ ቃሉን በአፉ የያዘ ተዋናይ ጠበቀው። ደራሲ ብቻውን አይበቅልም ስንል ብዙ ጊዜ ስለ መምህራንና ስለ መጻሕፍት እናስባለን። የቴአትር ደራሲ ከዚህ በላይ ያስፈልገዋል፤ ወለል ያስፈልገዋል፣ ጽሑፉን ቆሞ የሚናገርለት ሰው ያስፈልገዋል፣ መብራት የሚያበራ፣ ትኬት የሚቆርጥ ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ሊሰጠው የሚችል ተቋም በዚያን ዘመን ከዩኒቨርሲቲው በቀር አልነበረውም ብዬ አምናለሁ።

በደረስኩበት ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች ልምምድ ላይ ነበሩ። አንዲት ልጅ የበርበሬ ቅርጫት በራሷ ተሸክማ ከግራ በኩል ትገባለች፣ ጎረቤቷን ትጣራለች፣ ቅርጫቱን ታወርዳለች። መምህሩ አስቆሟት።

«ቅርጫቱ ውስጥ ምን አለ?»

«በርበሬ።»

«ስንት ኪሎ?»

ልጅቷ ዝም አለች። ቅርጫቱ ባዶ ነበር፤ ከላይ ቀይ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል።

«አንገትሽ ስንት ኪሎ እንደሆነ አያውቅም» አሏት። «ነገ ጠዋት ቦዲጃ ገበያ ሄደሽ ተሸክመሽ ነይ።»

ስለ ስሜት፣ ስለ ገጸ ባሕርይዋ ሥነ ልቡና አንድም ቃል አልተናገሩም። ልምምዱ ሲያበቃ አጠገባቸው ተቀምጬ እንዴት ገበያ እንደላኳት ጠየቅኋቸው። ጥያቄዬ ገርሟቸው፣ ይህ ትምህርት ቤት ከመጀመሪያውም እንዲህ ነው አሉኝ። ቀጥሎ የምጽፈውን ታሪክ በከፊል ከንባብ አውቀው ነበር፤ በዚያ ወንበር ተቀምጬ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራው ጋር ተያያዘልኝ።

የኢባዳን የድራማ ትምህርት ቤት የተቋቋመው ከ1962 እስከ 1963 ባለው ጊዜ፣ በሮክፌለር ፋውንዴሽን የገንዘብ እርዳታ ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ ጄፍሪ አክስዎርዚ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ሲከፈት የሚቀናው መንገድ የታወቀ ነው፤ ከለንደን መምህር ማስመጣት፣ የግሪክንና የኤልሳቤጥን ዘመን ማስጠናት፣ ማስመረቅ። ይህም ተደርጓል። በዚያው ሰሞን ግን ዩኒቨርሲቲው ዲግሪ የሌለውን አንድ ሰው ጠርቶ ለወራት አስቀመጠው። ሰውዬው ኮላ ኦጉንሞላ ይባላል።

ኦጉንሞላ የትምህርት ቤት አስተማሪ የነበረ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ የራሱን ቡድን አቋቁሞ በየከተማው እየዞረ በዮሩባ ቋንቋ የሚጫወት ከያኒ ነበር። የቡድኑ ተውኔቶች ዘፈንና ጭፈራ የሞላባቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን መዝሙርና ከአገሬው ተረት የተወለዱ ናቸው። በ1962 ወደ ግቢው ሲመጣ መብራት እንዴት እንደሚሠራ፣ መድረክ እንዴት እንደሚነደፍ ሊማር ነው የተባለው። እርግጥ ነው ተምሯል። ነገር ግን ሕዝብን ሌሊቱን ሙሉ ከመቀመጫው ሳያነሣ የሚያቆይ ሰው አጠገባቸው ሲሠራ ያዩት ተማሪዎች የወሰዱትን በምን እንለካዋለን? እኔ የሚመስለኝ ከሁለቱ ወገን ይበልጥ የተጠቀመው ዩኒቨርሲቲው ነው።

የዚያ ቆይታ ፍሬ በ1963 በአርትስ ቴአትር ታየ። ተውኔቱ የተወሰደው ከአሞስ ቱቱኦላ ልቦለድ ነው፤ የሞተበትን የዘንባባ ጠጅ ቀጂ ፍለጋ እስከ ሙታን አገር ስለተጓዘ አንድ ጠጪ ይተርካል። ቱቱኦላ ስድስት ዓመት ያህል ብቻ የተማረ፣ መጽሐፉን ሲጽፍ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተላላኪ የነበረ ሰው ነው። መጽሐፉ በ1952 ለንደን ላይ ሲታተም የውጭ አንባቢዎች አደነቁት፤ ከተማሩት ናይጄሪያውያን ብዙዎቹ ግን በእንግሊዝኛው አፈሩ። የመድረኩን ንድፍ የሠራው ዴማስ ንዎኮ ደግሞ ዛሪያና ፓሪስ የተማረ ሠዓሊ ነበር። እንግዲህ አስቡት። የተላላኪው ልቦለድ፣ የተዘዋዋሪው ከያኒ ዘፈን፣ የፓሪስ ተመራቂው ንድፍ በአንድ የዩኒቨርሲቲ መድረክ ተገናኙ። ያፈሩበት ሥራ ሲዘፈንና ሲጨፈር ያዩ ምሁራን ምን እንደተሰማቸው ለማወቅ ምንኛ በወደድኩ!

ያ ሥራ በ1969 እስከ አልጀርስ፣ እስከ መላው አፍሪካ የባህል ፌስቲቫል ሄዷል። ኦጉንሞላ ብዙ አልቆየም፤ በ1973 ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ሳለ ዐረፈ።

ይህ ወደ ውስጥ የሚያስገባው በር ነው። ወደ ውጭ የሚያወጣውም ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኢባዳን ተማሪዎች በዕረፍታቸው ጊዜ መኪና ላይ ተጭነው አገሩን መዞር ጀመሩ። ከመጀመሪያ ሥራዎቻቸው አንዱ የሞልዬር ኮሜዲ ነበር፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው ሱቤሩ ስለሚባል ናይጄሪያዊ አታላይ አድርገው ጻፉት። ከጻፉት አንዱ ዳፖ አዴሉግባ በኋላ በዚያው ትምህርት ክፍል ፕሮፌሰርና ኃላፊ ሆነ። በ1964 የሼክስፒር 400ኛ የልደት ዓመት በዓለም ሲከበር፣ ኢባዳኖች በተሳቢ መኪና ላይ ተዘርግቶ መድረክ የሚሆን ተንቀሳቃሽ ቴአትር አሠርተው የሼክስፒርን ትዕይንቶች በየከተማው አዞሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ፤ በቴአትር ትምህርት ውስጥ እጅግ የሚያሳስበኝ ነገር ይኸው ነውና። አዳራሽ ውስጥ የሚጫወት ተማሪ ተመልካቹ የክፍል ጓደኞቹ፣ የጓደኞቹ ጓደኞችና ውጤት የሚሰጠው መምህር ናቸው። ሁሉም ሊያጨበጭቡ መጥተዋል። በገበያ ሜዳ ወይም በትምህርት ቤት ግቢ መኪና አቁሞ የሚጫወት ተማሪ ግን ማንም አይጠብቀውም። ተመልካቹ ቆሞ ነው የሚያየው፣ ካልተመቸው ይሄዳል። ሕፃን ያለቅሳል፣ ፍየል በመካከል ያልፋል፣ ዝናብ ይመጣል። ተመልካቹ በገጸ ባሕርይው ከተናደደ ይሰድበዋል፣ ካዘነለት ይመክረዋል። ድምፅን ከሆድ ማውጣት፣ አንድን ቃል እስከ መጨረሻው ፊደሉ ማድረስ፣ ዝምታን መድፈር፣ ሰው ሲያቋርጥህ ከመደናገጥ ይልቅ ያንኑ ይዞ መቀጠል፣ እነዚህ በማስታወሻ ደብተር አይገቡም። አዳራሽ የሚያስተምረው ሌላ ነው፤ ልኬትን፣ ጥንቃቄን፣ ከብርሃን ጋር መሥራትን፣ አንድን ትዕይንት ደጋግሞ ማጥራትን። ኢባዳን ሁለቱንም ለአንድ ተማሪ ሰጠ። ምስጢሩ ይህ ይመስለኛል።

ለዮሩባ ሕዝብ ይህ ሁሉ አዲስ አልነበረም። አላሪንጆ የሚባሉ ጭምብል ለባሽ ተጫዋቾች ከዘመናዊው ትምህርት ብዙ ዘመን አስቀድሞ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ያሳዩ ነበር። ይህን ታሪክ ተከታትሎ የጻፈው የዚያው ትምህርት ቤት መምህር ጆኤል አዴዴጂ ነው፤ በ1969 የዶክትሬት ጥናቱን ያቀረበው በአላሪንጆ ላይ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተዘዋዋሪውን ከያኒ መድረክ ላይ አቆመ፤ ቀጥሎም አያት ቅድመ አያቶቹን የምርምር ርእስ አደረገ። በእንግሊዝ ኮሌጅነት ለተጀመረ ተቋም ይህ ትንሽ መንገድ አይደለም።

መንገዱ ያለ ዋጋ አልተሄደም። ሾይንካ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ እንዲሆን የተመረጠው በ1967 ነው። የቢያፍራ ጦርነት የፈነዳው በዚያው ክረምት ነበር። ጦርነቱን ለማስቆም ከሁለቱም ወገን ጋር ለመነጋገር በመሞከሩ በነሐሴ ታሰረ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ተዘግቶበት እስከ ጥቅምት 1969 ቆየ። ሲፈታ በቀጥታ ወደ ሥራው ተመለሰ። በእስር ዘመኑ ማግሥት የጻፈውን፣ ጦርነት ሰውን ምን እንደሚያደርገው የሚያሳይ ጨለማ ተውኔት ከኢባዳን ተዋንያኑ ጋር በ1970 አሜሪካ ኮኔቲከት፣ በ1971 ደግሞ በራሱ መድረክ አሳየ። ትምህርት ቤቱ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል የሆነውም በዚያው ሰሞን ነው። በ1971 ግን ሾይንካ አገሩን ትቶ ተሰደደ። የኖቤል ሽልማት በ1986 ሲያገኝ ዓለም ያወቀው አንድ ሰው ነበር፤ ኢባዳን ላይ ስሙን ስታነሣ ሰዎች አብረውት የተጫወቱትን፣ ልብስ የሰፉለትን፣ መብራት ያበሩለትን ይቆጥሩልሃል።

ከመምህሩ ጋር ይህን ስናወራ ሐሳቤ ስድስት ኪሎ ነበር። እኛም እኮ በዚያው ዘመን በዚያው መንገድ ላይ ነበርን። በ1963 የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት በሰጡበት ግቢ፣ የኪነ ጥበባት ማዕከሉን ከፈተ። በዚያው ዓመት ግብፃዊው የሙዚቃ ቀማሪ ሐሊም ኤል ዳብህ የማሲንቆ፣ የክራር፣ የበገና፣ የዋሽንትና የሌሎችም መሣሪያዎች ተጫዋቾችን ከየብሔረሰቡ ሰብስቦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ማንም ዲግሪ ያልጠየቃቸው፣ ጥበባቸው ያስገባቸው ሰዎች ነበሩ። በኋላ ተስፋዬ ለማ መራው፤ ቡድኑም ብሉ ናይል በሚል ስም በ1969 አሜሪካን ዞረ። ኦጉንሞላ አልጀርስ በገባበት ዓመት መሆኑ ነው። የኢባዳን ተንቀሳቃሽ መድረክ በተነሣበት በ1964 ደግሞ አዲስ አበባ ተማሪዎቿን ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ክፍለ ሀገር መላክ ጀመረች። እነ ተስፋዬ ገሠሠ በማዕከሉ፣ እነ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎንና ሐምሌትን በአማርኛ ባናገሩበት ብዕር፣ ያንን ዘመን ሞሉት። የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ግን የተከፈተው ቆይቶ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ጸጋዬም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር።

ከዚህ የወጡት ተዋንያንና አዘጋጆች የአገሪቱን መድረክ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይዘው ቆይተዋል፤ ለዚያ ክፍል ያለኝ ምስጋና ትልቅ ነው። ዛሬ ቴአትር የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች ከአዲስ አበባ ውጭም አሉ። እኔ የምመኝላቸው ግን ከሕንፃ በፊት አንድ ነገር ነው። የጎንደር አዝማሪ፣ የወሎ መንዙማ አውጪ፣ የሰርግ አሟሟቂ፣ የለቅሶ አልቃሽ፣ በግቢያቸው ለአንድ መንፈቅ ተቀምጦ ደመወዝ የሚበላበት ወንበር ይኑራቸው። ሙሾ የምታወርድ እናት ስለ ድምፅና ስለ ትንፋሽ የምታውቀውን የትኛው መማሪያ መጽሐፍ ጽፎታል? የቅኔ ጉባኤ ተማሪ ቅኔ ሲዘርፍ የሚያሳየውን የቃል አጣጣል የትኛው የትወና ክፍል ያስተምራል? እነዚህ ሰዎች ዛሬ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚጠሩት ለምረቃ ቀን ትርኢትና ለተመራማሪ መቅረጸ ድምፅ ነው። ለማስተማር ሲጠሩ ማየት እፈልጋለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ከልጅቷ ጋር ቦዲጃ ሄድኩ። ገበያው ከዩኒቨርሲቲው ቅርብ ነው። የበርበሬው ተራ ገና ከሩቅ ያስነጥሳል፤ ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ አረንጓዴ በርበሬ በየቅርጫቱ ተቆልሏል። ልጅቷ አንዲት በዕድሜ የገፉ ነጋዴ ዘንድ ሄዳ፣ በዮሩባ ሥርዓት ጉልበቷን ለመሬት አስነክታ ሰላም አለቻቸው። የመጣችበትን ስትነግራቸው ሴትዮዋ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ተዉና ብድግ አሉ። ጨርቅ ጠቅልለው ማስቀመጫ ሠሩላት፣ ቅርጫቱን ከሌላ ሴት ጋር አንሥተው ራሷ ላይ ጫኑባት። የልጅቷ ትከሻ ወዲያው ወረደ፤ እርምጃዋ አጠረ፤ ዓይኗ ከመሬት ተነሥቶ ፊት ለፊት ቀና።

«አንገትሽን አታድርቂ» አሏት፤ ልጅቷ እየተረጎመችልኝ ነበር። «ወገብሽ ነው የሚሸከመው። ጎረቤትሽን ስትጠሪ ደግሞ ዞር አትበዪ፤ ሸክም ያለበት ሰው በድምፁ ነው የሚዞረው።»

ሁለት ጊዜ እስከ ተራው ጫፍ አስኬዷት፤ መለሷት፤ አወራረዱንም አሳዩዋት፣ ጉልበት አስቀድሞ ጎንበስ እንደሚባል፣ ሁለተኛ ሰው ከሌለ ቅርጫቱ በየት በኩል እንደሚንሸራተት። ሌሎቹም ነጋዴዎች ከየቦታቸው እያረሟት፣ እርስ በርስ እየተከራከሩ፣ ገዢው ቆሞ ሲጠብቅ ቆየ። ልጅቷ በመጨረሻ ላቧን እየጠረገች ትንሽ በርበሬ ገዛችና አመሰገነች።

«ለመሆኑ ቴአትሩ መቼ ነው?» አሏት ሴትዮዋ።

«ዓርብ ማታ።»

«እኔስ እገባለሁ?»

«ይገባሉ እንጂ፣ እማማ።»

«እንግዲያው እህቴን ይዤ እመጣለሁ» አሉ ገንዘቡን ከወገባቸው ጨርቅ እየቋጠሩ። «የነገርኩሽን ካላደረግሽ ግን፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ነው የምነግርሽ።»

«ይንገሩኝ» አለች ልጅቷ።